ሌሊቱን ከእናት ጋር ስለሚተጋው መሣሪያ

በአንድ የትንሣኤ ሌሊት፥ ምእመናን ጧፍ አብርተው በቆሙበት ሰዓት፥ በአጠገባችን ከነበረች የ12 ዓመት ልጅ ነጠላ ሥር እንደ ጫጩት ድምፅ ያለ ነገር ሦስት ጊዜ ጮኸ። እናቲቱ ፈጥና ስልኳን ተመለከተች፤ ወዲያውም ከቦርሳዋ ከረሜላ አውጥታ ለልጅቱ አጐረሰቻት። ይህን ያዩ አንዲት አረጋዊት፥ «ልጄ፥ ቅዳሴው ሳይወጣ ምነው?» ሲሉ በቀስታ ጠየቁ። እናቲቱም፥ «እማማ፥ ስኳሯ እየወረደ ነው፤ መድኃኒቷ ይኸው ነው» ብላ መለሰችላቸው። የስኳር በሽታ ላለባት ልጅ ስኳር መድኃኒት የሚሆንበት ምክንያት ግን ለአረጋዊቷ የገባቸው አይመስልም፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ።

እናትና ልጅ በዓሉን ከዘመድ ጋር ለማሳለፍ ከአሜሪካ የመጡ ነበሩ። በማግሥቱ በዘመዶቻቸው ቤት ተገናኝተን የጮኸውን ነገር አሳዩን። በልጅቱ ክንድ ላይ የሳንቲም ያህል ስፋት ያለው ነገር ተለጥፏል፤ በወገቧ ደግሞ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት የክብሪት ቀፎዎች እምብዛም የማትበልጥ መሣሪያ ታጥቃለች፤ ከመሣሪያዋም እንደ ክር የቀጠነ ቱቦ ወጥቶ በሆዷ ቆዳ ሥር ይገባል። የሰፈሩ ልጆች ክታብ ነው፥ ሬዲዮ ነው እየተባባሉ ሲከራከሩ እንደ ሰነበቱ ልጅቱ እየሳቀች ነገረችን። እኛም የአረጋዊቷ ጥያቄ የብዙ ቤተ ሰብ ጥያቄ መሆኑን ስለ ተገነዘብን፥ ስለዚህ መሣሪያ አሠራርና ወደ ሰው እጅ ስለ ደረሰበት መንገድ ለክቡራን አንባብያን ለመግለጽ አሰብን። ዓመታቱንና ወሮቹን የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከጨጓራ በስተኋላ ቆሽት የሚባል ብልት አለ። በውስጡ እንደ ደሴት ተበታትነው የሚገኙ ጥቃቅን ሕዋሳት ኢንሱሊን የተባለውን ቅመም ያመነጫሉ። የምንበላው እንጀራና ዳቦ በሆድ ውስጥ ወደ ስኳርነት ተለውጦ በደም ሲዘዋወር፥ ኢንሱሊን እንደ ቁልፍ ሆኖ የሕዋሳትን በር ይከፍትለታል፤ ሰውነትም በዚያ ስኳር ይሠራል፥ ይሞቃል፥ ያድጋል። በአንዳንድ ሰዎች ግን፥ ይልቁንም በልጅነትና በወጣትነት ዘመን፥ ሰውነትን ከበሽታ ሊጠብቅ የተሠራው ኃይል ተሳስቶ እነዚህኑ ሕዋሳት ያጠፋቸዋል። ይህ አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ይባላል። ጣፋጭ አብዝቶ በመብላት የሚመጣ አይደለም፤ በወላጆችም ጥፋት የሚመጣ አይደለም። በብዛት በጎልማሶችና በሽማግሌዎች ላይ የሚታየው ሁለተኛው ዓይነት ሌላ ነው፤ በእርሱ ቆሽት ኢንሱሊን መሥራቱን ሳያቆም ሰውነት ለኢንሱሊኑ አልታዘዝ ይለዋል። እኛ ይበልጡን የምንናገረው ስለ አንደኛው ነው።

ከ1921 በፊት ይህ በሽታ የያዘው ልጅ የሚጠብቀው ሞት ነበር። ሐኪሞች ሊያደርጉለት የሚችሉት ምግቡን እጅግ ቀንሰው በረኃብ ለጥቂት ጊዜ ማቆየት ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት በካናዳ፥ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ፥ በፕሮፌሰር ማክላውድ ቤተ ሙከራ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከውሻ ቆሽት ኢንሱሊንን ለማውጣት በቁ፤ ጄምስ ኮሊፕም የማጣራቱን ሥራ ሠራ። በጃንዋሪ 1922 ሌናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። መድኃኒቱ ገና በደንብ ያልተጣራ ስለ ነበረ የመጀመሪያው መርፌ አልጠቀመውም፤ ከ12 ቀን በኋላ የተሰጠው ግን ስኳሩን አወረደለት፤ ሊሞት የቀረበውም ልጅ በሕይወት ቆየ። ተመራማሪዎቹ የፈጠራ መብታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ያስተላለፉት እያንዳንዳቸው 1 ዶላር ተቀብለው ነው።

ይሁን እንጂ ኢንሱሊን በሁለት ወገን የተሳለ ሰይፍ ነው። ሲያንስ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሰውነትም ስኳሩን ሊጠቀምበት ስላልቻለ የገዛ ስቡን እያቃጠለ ደሙን ወደ አሲድነት ይለውጠዋል፤ በጊዜ ካልታከመም ይገድላል። ሲበዛ ደግሞ ስኳሩ ከሚገባው በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ ሕመምተኛው ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ንግግሩ ይምታታበታል፤ አእምሮ ያለ ስኳር ሊሠራ ስለማይችልም ሊወድቅና ራሱን ሊስት ይችላል። በዚያች ሰዓት ሕይወቱን የሚያተርፍለት ጣፋጭ ነገር ነው። አረጋዊቷ የጠየቁት ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ ከረሜላው ጾም መግደፊያ ሳይሆን መድኃኒት ነበር። ሐኪሞችም ለሕመምተኛ የሚመኙለት በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለው ስኳር ከ70 እስከ 180 ሚሊ ግራም ባለው ወሰን እንዲቆይ ነው።

የጤነኛ ሰው ቆሽት ይህን ሚዛን ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ፥ ባለቤቱም ሳያውቀው ይጠብቃል። በመርፌ በምትኖር ልጅ ቤት ግን የቆሽትን ሥራ የምትሠራው እናት ናት። ጣት እየወጉ ደም መለካት፥ የሚበላውን መገመት፥ የመርፌውን መጠን መወሰን፥ ልጅቱ ስትሮጥ ውላ እንደ ሆነ መቀነስ፥ ጉንፋን ይዟት እንደ ሆነ መጨመር፥ ይህ ሁሉ የእርሷ ተግባር ነው። ቀኑስ ደኅና፤ ልጅቱ ሲያዞራት ትናገራለች፥ አስተማሪዋም ታያታለች። የሚከፋው ሌሊቱ ነው። ማታ የተወጋችው ኢንሱሊን በእንቅልፏ መካከል ስኳሯን ቢያወርደው የሚያስታውቅ የለም። ስለዚህ እናት ሌሊት 6 ሰዓት ትነሣለች፤ 8 ሰዓት ትነሣለች፤ ንጋት ላይ ትነሣለች። ያነጋገርናት እናት ልጅቱ ከታመመችበት ከ4 ዓመቷ ጀምሮ እስከ 9 ዓመቷ ድረስ አንድ ሌሊት እንኳ ሳትነሣ አድራ እንደማታውቅ ነግራናለች። ሌሊት የሞተች እንዳይሆን እየፈሩ በተኛች ልጅ አፍንጫ ላይ እጅ ማድረግ ምን እንደ ሆነ በቃል ለመግለጽ አስቸጋሪ ነው።

የቆሽትን ሥራ በመሣሪያ ለማስፈጸም ሐኪሞች ያሰቡት ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ባዮስታተር የተባለ መሣሪያ ተሠርቶ ነበር፤ ከደም ሥር ደም እየሳበ ስኳሩን ይለካ ነበር፤ እንዳስፈላጊነቱም ኢንሱሊን ይሰጥ ነበር። ነገር ግን ትልቅ ስለ ነበረ በሐኪም ቤት አልጋ አጠገብ ከመቆም በቀር ከሰው ጋር ወደ ቤት ሊሄድ አልቻለም። በኋላ ኢንሱሊንን በጥቂት በጥቂቱ የሚያንጠባጥቡ ትናንሽ ፓምፖች መጡ፤ በ1999 ደግሞ ከቆዳ ሥር ሆኖ ስኳርን ሳያቋርጥ የሚለካ የመጀመሪያው መሣሪያ በአሜሪካ ተፈቀደ። እንግዲህ የሚለካው በአንድ በኩል አለ፤ የሚሰጠው በሌላ በኩል አለ፤ በመካከላቸው ሆኖ የሚያነጋግራቸው ግን ለብዙ ዓመታት በገበያ አልተገኘም።

ወደዚህ መካከል ከገቡት አንዳንዶቹ እንቅልፍ ያጡ ሰዎች መሆናቸው በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀን ነገር ነው። በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ሊቮንያ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖር ጆን ኮስቲክ የተባለ የኮምፒዩተር መሐንዲስ የ4 ዓመት ልጁ በ2012 ታመመበት። የልጁ መለኪያ ቁጥሩን የሚያሳየው በአጠገቡ ባለች ትንሽ መቀበያ ላይ ብቻ ስለ ነበረ፥ ልጁ ከቤት ሲወጣ ወላጆቹ ምንም አያዩም ነበር። አባትየው በ2013 የመቀበያዋን ቋንቋ ፈትቶ ቁጥሩ በኢንተርኔት አማካይነት ወደ ስልኩ እንዲመጣለት አደረገ፤ በሥራ ቦታው ተቀምጦም የልጁን ስኳር ለማየት ቻለ። ይህን የሰሙ ሌሎች ወላጆች ሲጠይቁት ሥራውን ያለ ዋጋ ሰጣቸው። ከዚያ ያደገው ሥራ ናይትስካውት ተባለ፤ ትርጓሜው የሌሊት ቃፊር እንደ ማለት ነው።

በሲያትል ከተማ ብቻዋን ትኖር የነበረች ዳና ሉዊስ የተባለች ወጣት ደግሞ እንቅልፏ እጅግ የጸና ስለ ነበረ የመለኪያው ደወል አያነቃትም ነበር። ተኝታ ስኳሯ ወርዶ እንዳትቀር ስትፈራ ኖራ፥ ኋላ ባልዋ ከሆነው ከስኮት ላይብራንድ ጋር ሆና ከኮስቲክ ባገኙት ጽሑፍ መሠረት ድምፁ የሚጮኽ ደወል ሠሩ። ቀጥለውም ኮምፒዩተሩ ስኳሩ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ እንዲተነብይ አደረጉ። በዲሴምበር 2014 ደግሞ ቤን ዌስት የተባለ ሰው የፓምፑን ቋንቋ ፈትቶ ስለ ነበረ በእርሱ እርዳታ ኮምፒዩተሩ ራሱ ፓምፑን እንዲያዝዝ አደረጉት። በ1 ዓመት ውስጥ የሠሩትን ሁሉ ለሕዝብ በነፃ ገለጡት። በቦስተን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ኤድ ዳሚያኖም ወንድ ልጁ ገና ዓመት ሳይሞላው ስለ ታመመ፥ ልጁ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት እንዲህ ያለ መሣሪያ ሠርቶ ሊያደርስለት ቆርጦ ተነሥቶ ነበር። የዳሚያኖ መሣሪያ የተፈቀደው በሜይ 2023 ነው፤ ልጁ የኮሌጅ ዕድሜ ካለፈው በኋላ መሆኑ ነው። የአባት ምኞት ዘገየ፤ ለሌሎች ልጆች ግን ደረሰ።

በኩባንያ ተሠርቶ በአሜሪካ መንግሥት መጀመሪያ የተፈቀደው መሣሪያ በሴፕቴምበር 2016 ወጣ፤ ያን ጊዜ 14 ዓመት ለሞላቸው ብቻ ነበር። ዛሬ ለ2 ዓመት ሕፃናት ሳይቀር የተፈቀደ አለ፤ በ2024 ደግሞ አንደኛው መሣሪያ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ላለባቸው አዋቂዎች ጭምር ተፈቅዷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በክንድ ላይ የተለጠፈው መለኪያ እንደ ፀጉር የቀጠነች ክር ከቆዳ ሥር አስገብቶ በየ5 ደቂቃው፥ ማለትም በቀን 288 ጊዜ፥ ስኳሩን ይለካል። የሚለካው ደሙን ሳይሆን በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ ስለ ሆነ ቁጥሩ ከደሙ በጥቂት ደቂቃዎች ወደ ኋላ ይቀራል። ቁጥሩ ያለ ሽቦ ወደ ፓምፑ ይተላለፋል። በዚያ ያለው ትንሽ ኮምፒዩተር ስኳሩ ከግማሽ ሰዓት ወይም ከአንድ ሰዓት በኋላ የት እንደሚደርስ ያሰላል፤ የሚወጣ መስሎ ከታየው ኢንሱሊኑን ይጨምራል፤ የሚወርድ መስሎ ከታየው ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ያቆማል። ነገር ግን የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም እንደሚባለው፥ አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር የገባውን ኢንሱሊን መሣሪያው መልሶ ሊያወጣው አይችልም። በትንሣኤ ሌሊት የሆነውም ይህ ነው። ፓምፑ ኢንሱሊኑን ካቆመ ቆይቶ ነበር፤ ቀደም ብሎ የገባው ግን ገና እየሠራ ስለ ነበረ ሰው ጠራ። በመርፌ ለሚኖር ሰው በዚህ ጊዜ 15 ግራም ስኳር እንዲሰጥ ይመከራል፤ በመሣሪያ ለሚኖር ግን ፓምፑ አስቀድሞ ስላቆመ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ግራም፥ ማለት አንድ ወይም ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል፥ ይበቃል።

መሣሪያው ከሁሉ ይልቅ የሚቸገረው በምግብ ሰዓት ነው። ፈጣን የሚባለው ኢንሱሊን እንኳ ከተሰጠ በኋላ መሥራት የሚጀምረው በ15 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ኃይሉም ለጥቂት ሰዓታት ይቆያል። ምግቡ ግን ከእርሱ ይቀድማል። ስለዚህ ሰው ከመብላቱ አስቀድሞ ምን ያህል ካርቦሃይድሬት እንደሚበላ ለመሣሪያው መንገር አለበት፤ ባይነግረው መሣሪያው ስኳሩን ከኋላ ሲያሳድድ ይውላል። የዳሚያኖ መሣሪያ ቁጥር ሳይጠይቅ፥ «እንደ ወትሮው ነው፥ ይበልጣል፥ ወይስ ያንሳል?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል፤ ቢሆንም መጠየቁ አልቀረም።

አሁን ይህ በእኛ ገበታ ምን እንደሚሆን ያስቧል። ፈረንጅ የራሱን ሳህን ይዞ ስለሚበላ የበላውን ያውቃል። እኛ ከአንድ መሶብ እንቆርሳለን። ልጅቱ ከእንጀራው ሩቡን ትብላ ሲሶውን ማን ያያል? በዚህ ላይ አክስት ታጐርሳታለች፥ አያት ታጐርሳታለች፤ ጉርሻም እምቢ አይባልም፥ ነውር ነው። እናቲቱ ያገኘችው ዘዴ አስደስቶናል። ቤቷ የሚጋገረውን እንጀራ አንድ ጊዜ በሚዛን መዝና ለአራት ትከፍለዋለች፤ የልጅቱን ድርሻ ጠቅልላ በፊቷ ታኖራለች፤ ጉርሻውን በሚመለከት ግን ለዘመድ ሁሉ፥ «ከራሷ ጥቅልል እየቆረሳችሁ አጉርሷት» ብላ ተናግራለች። እንዲህ ሲሆን ፍቅሩም አልቀረ፥ ሒሳቡም አልጠፋ።

የጾሙ ወራት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ዶሮ ወጥ ከእንጀራው በቀር እምብዛም ካርቦሃይድሬት የለበትም፤ ሽሮና ምስር ግን ራሳቸው አላቸው። ስለዚህ በጾም ወራት ወጡም ከሒሳቡ ይገባል። መሣሪያዎቹም አብዛኞቹ ካለፉት ቀናት የኢንሱሊን ድምር ተነሥተው ስለሚያሰሉ፥ ከጾም ወደ ፍስክ ሲታለፍ አዲሱን ልማድ እስኪያውቁት ጥቂት ቀን ይፈጅባቸዋል።

ከሁሉ በላይ ልናሳስበው የምንወደው አንድ ነገር አለ። «ዛሬ እህል አልቀመስኩምና ኢንሱሊኑ ይቅር» የሚል አሳብ አንደኛው ዓይነት ሕመም ላለበት ሰው ሞትን ሊያስከትል ይችላል። ሰው ባይበላም ጉበቱ ስኳር ወደ ደም ማውጣቱን አያቆምምና የመሠረቱ ኢንሱሊን ሊቋረጥ አይገባም። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ የጾምን ቀንበር እንደምታቀልለት የታወቀ ስለ ሆነ፥ ልጁ ጾም ይያዝ አይያዝ የሚለውን ቤተ ሰብ በራሱ ከሚወስነው የንስሐ አባቱንና ሐኪሙን ቢያማክር ይሻላል። ምክሩንም ሳይደብቁ ሁለቱን ማስማማት ነው፤ ለአንዱ ነግሮ ለሌላው መሸሸግ ልጁን ይጐዳል።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው ለሚል አንባቢ በ2020 የታተመውን አንድ ጥናት እንጠቅሳለን። ከ6 እስከ 13 ዓመት የሆኑ 101 ልጆች ለሁለት ተከፍለው ለ16 ሳምንት ተመለከቷቸው። መሣሪያው የተሰጣቸው ልጆች ስኳራቸው በደኅናው ወሰን ውስጥ የቆየበት ጊዜ ከመቶ 53 የነበረው ወደ 67 ከፍ አለ፤ ያልተሰጣቸው ከ51 ወደ 55 ብቻ ሄዱ። ትልቁም ጥቅም የታየው በሌሊት ነው። ይህም የሚጠበቅ ነው፤ ሌሊት የሚበላ የለም፥ የሚሮጥም የለም፤ መሣሪያው ሥራውን ማንም ሳያውከው ይሠራል።

ጉድለቱን ደግሞ አንደብቅም። በፓምፕ የሚገባው ኢንሱሊን ፈጣኑ ዓይነት ብቻ ስለ ሆነ፥ ቱቦው ቢታጠፍ ወይም ከቆዳው ቢወጣ በሰውነት ውስጥ የሚቆይ ሌላ ስንቅ የለም፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አደጋ ይደርሳል። በ2024 ከአንድ ፓምፕ ጋር የሚሠራ የስልክ ፕሮግራም የፓምፑን ባትሪ ሳይታሰብ እየጨረሰ ስላጠፋው 224 ሰዎች ጉዳት እንደ ደረሰባቸው ተመዝግቦ፥ ፕሮግራሙ እንዲታረም ሆኗል። ስለዚህ መሣሪያ ያለው ቤት መርፌውንና የጣት መለኪያውን አይጥልም። ልጅቱም ብትሆን በክንዷ ላይ ያለውን ነገር ሁልጊዜ አትወድደውም፤ በየ3 ቀኑ ቱቦውን መለወጥ፥ በየ10 ቀኑ መለኪያውን መለወጥ፥ ቆዳዋን የሚያሳክካት ማጣበቂያ፥ በትምህርት ቤት የሚጮኽ ደወል አለባት። አንድ ቀን ተናድዳ ነቅላ ጥላው ነበር። እናቲቱ ይህን ስትነግረን ልጅቱ አቀርቅራ ጣቷን ትቆጥር ነበር።

የዋጋው ነገር ከባድ ነው። በእንግሊዝ አገር ለሕክምና ሥርዓት የሚወጣው መመሪያ በዲሴምበር 2023 አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ላለባቸው ልጆች ሁሉና ለብዙ አዋቂዎች መሣሪያው በመንግሥት ወጪ እንዲሰጥ ፈቅዷል፤ አፈጻጸሙም ለ5 ዓመት የተደለደለ ነው። በአሜሪካ ነገሩ በኢንሹራንሱ ይወሰናል። በአገራችን ግን የብዙው ቤት ጥያቄ ገና ከዚህ በታች ነው፤ ኢንሱሊኑ ሳይቋረጥ መገኘቱ፥ የመለኪያው ወረቀት ዋጋ፥ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት መድኃኒቱን በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ማቆየቱ ነው። ስለ ፓምፕ የምንጽፈው ይህን ዘንግተን አይደለም። ነገር ግን ለበዓል የሚመጣው ዘመድ ልጅ ይህን ታጥቆ ሲመጣ፥ የሚጮኸው ምን እንደ ሆነ፥ ከረሜላውም ለምን እንደ ተሰጠ የሚያውቅ ቤተ ሰብ ቢቀበለው የእናቲቱ ሸክም ይቀልላል። ደወሉ ቢጮኽ ቁጥሩን መጠየቅ፥ ልጁ ራሱን የሳተ እንደ ሆነ ግን በአፉ ምንም ሳይጨምሩ በጎኑ አስተኝቶ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ እንደሚገባ ቤተኞቹ ሁሉ ቢያውቁ መልካም ነው።

ስንሰነባበት እናቲቱን፥ «አሁንስ ሌሊቱን ትተኛለሽን?» ብለን ጠየቅናት። መሣሪያው ከመጣ ወዲህ ሦስተኛ ዓመቱ እንደ ሆነ፥ ብዙውን ሌሊት ሳይጮኽ እንደሚነጋ ነገረችን። «ነገር ግን 8 ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ራሱ ይገለጣል» አለች። «ስልኩን አያለሁ፤ ደኅና ነው ይለኛል። እኔ ግን ተነሥቼ እስከ በሯ እሄዳለሁ፤ ትንፋሿን ሰምቼ እመለሳለሁ።»